የጠዋት ኪኒን፣ የዘጠኝ ሰዓት ምሳ

ዐቢይ ጾም ሲገባ በጎንደር የስኳር ክትትል ላይ የምትሠራ አንዲት ነርስ ጣት ከመውጋቷ በፊት የምትጠይቀው አላት፦ «እማማ፣ ጾም ይዘዋል? የሚቀምሱት በስንት ሰዓት ነው?»

ጥያቄው የሕክምና ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ኪኒን ሆድ ውስጥ እህል ቢኖርም ባይኖርም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያደርጋል። ጠዋት የዋጡት እናት ቅዳሴ ወጥቶ እስኪቀምሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት ስለሚደክም መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ቤተሰብ ደግሞ መምታታቱን «እርጅና ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

ብዙዎች መጾማቸውን ለባለሙያ አይነግሩም። ይከለክሉኛል ብለው ይሰጋሉ፤ አንዳንዶቹም ኪኒኑን ራሳቸው ያቆሙታል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ብታቀልም፣ ከልጅነት ጀምሮ የጾመ ሰው በነርስ ቃል ብቻ አይፈታም። ስለዚህ ነርሷ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ትለምናለች። እጾማለሁ ላሉት ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን እንዲያስተካክል ታደርጋለች፤ ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር ኪኒን ለምሳሌ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን እምብዛም ከልክ በታች አያወርድም።

እንዲህ ያለ ወግ ጊዜና ቅርበት ይፈልጋል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት አንዱ ምክንያት ከዓመት በፊት በአቅራቢያው ያለውን ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ወረርሽኝ መጥቶ ያልፋል፤ ስኳርና ግፊት ግን ከሰው ጋር ይኖራሉ። ለክትትል መመላለሱም ይከብዳል፦ ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በስሜን ተራሮች ያሉ የጃናሞራ አዛውንት ደግሞ መኪና መንገድ እስኪደርሱ ገና በእግር ይወርዳሉ። የጎንደር ሐኪም ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ በእነ ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ ድጋፍ፣ ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው ለሠለጠኑ ነርሶች መስጠታቸው ትልቅ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው። የአካባቢው ነርስ የበሽተኛውን ደጅም የጾም ቀኑንም ያውቃል።

የቀረው ቀጠሮውን ከጾሙ ጋር ማስማማት ነው። ለረመዳን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድሞ መመርመርን ይመክራል። ለ55 ቀኑ ጾምም እንዲህ ያለ ቀጠሮ ይገባዋል፤ ጥምቀት ሰሞን ቢሆን ደግሞ ብዙ የደጋ ሰው ለበዓሉ ጎንደር ይገባልና፣ የኪኒኑን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ለመመለስ ያመቻል።