ከሬንጁ ሥር ያለው ብረት

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እስከ ዛሬ ከማይጠፉት አሮጌ መኪኖች አንዷ በተለምዶ «ቮልስ» የምንላት ቮልስዋገን ናት፡፡ ይህች ጀርባዋ እንደ ዔሊ የጎበጠ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፡፡ ከእነዚህ አንዷን አንስተን ሆዷን ብንመለከት ብዙውን ጊዜ የምናየው ብረቱን አይደለም፤ ብረቱን የሸፈነውን ጥቁርና ወፍራም የሬንጅ ልባስ ነው፡፡ ሻጭ «ሥሯ ምንም አልሆነም» ሲል ይህንኑ ጥቁር ልባስ ያሳያል፤ ገዢም አይቶ ይረካል፡፡ ለመሆኑ ከልባሱ ሥር ያለው ብረት እንዴት ነው?

ጥያቄው የመልክ ጉዳይ አይደለም፡፡ የቮልስ ሻንሲ መሐል ለመሐል የሚሄድ፣ ቱቦ የመሰለ የብረት አከርካሪ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ስስ የብረት ወለል ተበይዶበታል፡፡ የፊት ወንበሮች ሐዲድ ያረፈው በዚሁ ወለል ላይ ነው፡፡ ወለሉን ዝገት ከበላው በግጭት ጊዜ ሰውን የሚይዝ ነገር የለም፡፡

ዓይንም ጆሮም ሲታለል

ልምድ ያለው ባለሙያ ብረትን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፡፡ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ በዝገት የሳሳው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፡፡ ሬንጅ በተቀባ ብረት ላይ ይህ ዘዴ አያገለግልም፡፡ ሬንጅ ከፊል ፈሳሽ፣ ከፊል ጠጣር ጠባይ ስላለው የብረቱን ንዝረት ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል፡፡ በመሆኑም ደኅናውም የበሰበሰውም ክፍል አንድ ዓይነት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፡፡ ልባሱ ዓይንን ብቻ ሳይሆን ጆሮንም ይጋርዳል ማለት ነው፡፡

ሽቦ የሌለው ባትሪ

ሬንጅ አዲስ ሳለ ውሃንና አየርን ከብረት ይከላከላል፡፡ ዘመን ሲቆጠር ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል፡፡ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከልባሱ ሥር ተደብቆ ይቀራል፡፡ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ዩሊክ ኢቫንስ በ1920ዎቹ እንዳሳዩት፣ በአንድ የረጠበ ብረት ላይ ኦክስጅን የበዛበትና ያነሰበት ቦታ ሲኖር ብረቱ ራሱ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራል፡፡ ብረቱ እየሟሟ የሚያልቀው ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ነው፡፡ በመኪናችን ላይ ይህ ቦታ ከስንጥቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ ያለው፣ የማናየው ክፍል ነው፡፡ ዝገት እንደ ውህዱ ዓይነት ከተበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ልባሱን ገፍቶ ያነሣዋል፤ ለሌላ ውሃም መንገድ ይከፍታል፡፡

ፈሳሽ ወይስ ጠጣር?

እንግዲህ ሬንጁ መነሣት አለበት፡፡ እንዴት? መልሱ የሬንጅን ጠባይ ከማወቅ ይጀምራል፡፡ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶማስ ፓርኔል እ.ኤ.አ. በ1927 በአውስትራሊያ በጀመሩት ሙከራ፣ በመዶሻ ሲመታ እንደ ጠርሙስ የሚሰበር ዝፍት በማንቆርቆሪያ ውስጥ ተቀምጦ እንዲንጠባጠብ ተተወ፡፡ እስከ 2014 ድረስ የወደቁት ጠብታዎች 9 ብቻ ናቸው፡፡ የሬንጅም ጠባይ እንዲሁ ነው፡፡ ሲሞቅ ይፈስሳል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፤ በመካከል ግን እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፡፡ በዚህ በመካከለኛው ሙቀት ላይ ሆኖ የሚፍቅ ሰው ድካም ብቻ ያተርፋል፡፡

ስለዚህ ሁለት መንገዶች አሉን፡፡ አንደኛው ማሞቅ ነው፡፡ ሞቃት አየር በሚነፋ መሣሪያ ጥቂት በጥቂት አለስልሶ በስፓቱላ መላጥ ይቻላል፡፡ በእሳት ነበልባል ማቃጠል ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ሬንጅ ራሱ ይነዳል፤ የቮልስ የነዳጅ መስመርም በዚያው በአከርካሪው ውስጥ ያልፋል፡፡ ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ነው፡፡ ማስቲካ የተጣበቀበትን ልብስ በበረዶ እንደምናጸዳው ሁሉ፣ ሬንጅም በደረቅ በረዶ፣ ማለትም በጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲነካ ይሰባበራል፡፡ የደረቅ በረዶ ሙቀት ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፡፡ ሬንጅ ሲቀዘቅዝ ከብረት በብዙ እጥፍ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አብሮት አይሰበሰብም፡፡ ከዚህ የሚመጣው ውጥረት ልባሱን ሰነጣጥቆ ያላቅቀዋል፡፡

ጉድጓዱን እንጠንቀቅ

በጋራዦች ብዙ ሰው ከመኪና ሥር የሚሠራው በጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ነው፡፡ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ሁሉ የሚጠራቀመውም እዚያው ነው፡፡ ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 0.8፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 4.8 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፡፡ 10 ኪሎ ግራም ደረቅ በረዶ ወደ ጋዝ ሲለወጥ በባሕር ወለል ግፊት 5.4 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ የአየር ግፊቱ ዝቅ ባለበት በአዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፡፡ ስሌቱ የሚነግረን ጉድጓዱ ሊሞላና ሠራተኛው ሊታፈን እንደሚችል ነው፡፡

ቤንዚንም የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፡፡ ሬንጅን በፍጥነት ስለሚያሟሟ ይመረጣል፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል፡፡ ይህ ትነት ከአየር 3 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት የመብራት ብልጭታ ትበቃዋለች፡፡ የቀረውን ቅሪት በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ መወልወል ይሻላል፡፡ መኪናዋም በክሪክ ብቻ ተነሥታ ማንም ከሥሯ መግባት የለበትም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ያስፈልጋታል፡፡

አንድ ነገር እንጨምር፡፡ ከቀድሞዎቹ ልባሶች አንዳንዶቹ አስቤስቶስ የተባለውን፣ ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ማዕድን ይዘው ተሠርተዋል፡፡ ዓይን ለይቶ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው፡፡ ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀን አሮጌ ልባስ ሳይመረመር መንካት አይገባም፤ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ በደረቁ ፍቆ አቧራ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም፡፡ አፍን በጨርቅ መሸፈን ከዚህ አያድንም፡፡

ብረቱ ነጥቶ ሲወጣ ባለሙያው መዶሻውን መልሶ ያነሣል፤ አሁን የሚሰማው ድምፅ እውነተኛ ነው፡፡ በካቻቢቴ ሲነካ የሚበሳውን ቆርጦ በአዲስ ብረት ይበይዳል፡፡ በቮልስ ላይ በተለይ ከቀኝ የኋላ ወንበር ሥር መመልከት አይዘነጋም፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስለሆነ የፈሰሰ አሲድ ወለሉን ይበላዋል፡፡ ከዚያ ፀረ-ዝገት ቀለም፣ በመጨረሻም አዲስ ልባስ ይከተላል፡፡ ልባስ በንጹሕ ብረት ላይ ጠባቂ ነው፤ በዝገት ላይ ሲቀባ ግን መሸፈኛ ብቻ ይሆናል፡፡ አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለመኪናም ይሠራል፡፡