ሳንባ በፈሳሽ ሲጥለቀለቅ መድኃኒት ምን ያደርጋል?

በዲላ ዙሪያ የሚታወቁት ወባና የሳንባ ምች ሲጠኑ «ኤአርዲኤስ» የተባለውን አጣዳፊ የሳንባ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሐኪሞች ይህን ሕመም ለይተው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በብግነት የተጎዱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈስሳሉ፤ አየር ሊይዙ የሚገባቸው የሳንባ ከረጢቶችም በዚሁ ፈሳሽ ይሞላሉ። በዚህም የተነሣ ኦክሲጅን ወደ ደም መዝለቅ ይሳነዋል።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሕመሙን በቀጥታ የሚፈውስ አንድም ፍቱን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚደረገው መንሥኤውን ማከም፣ ኦክሲጅን መስጠትና የመተንፈሻ መሣሪያው አየርን በልክ እንዲነፋ መቆጣጠር ነው።

ብግነቱን የሚያበርደው ርካሹ ዴክሳሜታዞን ግን ተስፋ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ይፋ የሆነ የእንግሊዝ ጥናት፣ በመሣሪያ ይተነፍሱ በነበሩ የኮቪድ ሕሙማን ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳየ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በዚያው ወር፣ ኦክሲጅንና መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው የኮቪድ ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ። ኦክሲጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ይኸው መድኃኒት ወባ አንጎላቸውን ያጠቃቸው ሕሙማን ራሳቸውን ስተው የሚቆዩበትን ጊዜ እንዳራዘመ ገልጿል። እንግዲህ አንዱን ያዳነ መድኃኒት ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከመድኃኒቱ በፊት መንሥኤውን መለየት ይቀድማል።