የድሮ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ጩኸትና ጥገናው

ለሠላሳና ለአርባ ዓመታት ያገለገለ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን መጮኽ ሲጀምር ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ዘመኑ አበቃ ብሎ ይደመድማል፤ ይሁንና ጩኸቱ ከማሽኑ ክፍሎች አንዱ መላላቱን፣ መድረቁን ወይም መበላቱን የሚያስታውቅ ምልክት ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሆነም ድምፁ የሚሰማበት ጊዜና ዓይነቱ አስቀድሞ ይናገራል። ይህ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በአሜሪካ ለተሠሩ ማሽኖች እውነት ነው። የእነዚህ ማሽኖች አካል በብሎንና በዳዶ የታሰረ ነው፤ የአብዛኞቹን ሥራ የሚመራውም በዝግታ እየዞረ የኤሌክትሪክ ማብሪያዎችን በተራ የሚከፍትና የሚዘጋ ሜካኒካዊ ሰዓት ስለሆነ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ፈትቶ ሊያያቸው፣ ሊጠግናቸውና መልሶ ሊገጥማቸው ይችላል።

የማሽኑ መሠረታዊ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በሸልቢቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጆሴፊን ኮክረን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1886 የፈጠራ መብት ያገኙበት ማሽን ሳህኖችን በየመጠናቸው በተሠሩ የሽቦ ክፍሎች ሰድሮ በግፊት በሚረጭ ውኃ የሚያጥብ ነበር። በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላም ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ፈለጉት። የእርሳቸው ድርጅት በ1926 በሆባርት ኩባንያ እጅ ገባ፤ ሆባርትም በ1949 ኪችንኤይድ በሚለው የንግድ ስሙ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ማሽን አወጣ። ሆባርት ለምግብ ቤትና ለዳቦ ቤት ከባድ ማሽኖችን የሚሠራ ኩባንያ ስለነበር የቤት ማሽኖቹንም በዚያው ልማድ ሠራቸው፤ የንግድ ስሙ በ1986 ወደ ዊርልፑል ከመተላለፉ በፊት የወጡትን ማሽኖች ዛሬም በፍቅር የሚንከባከቡ ሰዎች መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ድምፁን ለመለየት ማሽኑ የሚሠራውን በቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ቫልቭ ከቤቱ የሙቅ ውኃ መስመር ውኃ ወደ ገንዳው ያስገባል፤ ቀጥሎ ከገንዳው ሥር ያለው ሞተር ፓምፑን እያዞረ ያንኑ ውኃ ደጋግሞ ወደ ረጪ ክንዶቹ ይገፋዋል። ረጪ ክንድ የሚባለው በላዩ ላይ ቀዳዳዎች ያሉትና ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ውኃ ራሱን የሚያሽከረክረው ክፍት ቱቦ ነው። ከዚያ የቆሸሸው ውኃ ይወገዳል፤ በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ማሽኖች ይህ የሚሆነው ያው ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞር ወይም አንድ ኤሌክትሮማግኔት የመውረጃውን ክዳን ሲከፍት ነው። በመጨረሻም በገንዳው ወለል ዙሪያ የተዘረጋው ማሞቂያ ዕቃዎቹን ያደርቃል።

እንግዲህ የጥገናው መጀመሪያ አንድ ዙር እስኪያልቅ ድረስ ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ በጥሞና ማዳመጥ ነው። ውኃ በሚገባበት ጊዜ ብቻ የሚሰማ ማጉረምረም ወይም ማፏጨት የሚመጣው ከቫልቩ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በመግቢያው ላይ ያለው ወንፊት በደለልና በኖራ መደፈኑ ነው። ቫልቩ በተዘጋበት ቅጽበት ከግድግዳው ውስጥ አንድ ከባድ ምት ከተሰማ ግን ማሽኑ ጥፋት የለበትም፤ በፍጥነት ይጓዝ የነበረው ውኃ በድንገት ሲገታ ጉልበቱን በቧንቧው ላይ ስለሚያሳርፍ የላላው ቧንቧ ግድግዳውን ይመታል፤ ቧንቧውን አጥብቆ ማሰር ወይም የታመቀ አየር የያዘ የምት ማብረጃ መግጠም ያስቀረዋል። በእጥበቱ ወቅት እኩል ጊዜ እየጠበቀ የሚደጋገም ኳኳታ ረጪው ክንድ ከቅርጫቱ ሾልኮ የወረደ ማንኪያ ወይም ያለ ቦታው የተቀመጠ ድስት እየመታ መሆኑን ያሳያል፤ ቅርጫቶቹን አውጥቶ ማሽኑን ባዶውን ማስኬድ ይህን ወዲያው ያረጋግጣል። ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ ከውኃው ጋር አየር እየሳበ ነው፤ ይህም የሚሆነው ሳሙናው አረፋ ሲያበዛ ወይም ውኃው ሲያንስ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ውኃ የሚሞሉት በመጠን ሳይሆን በጊዜ ተለክቶ ስለሆነ፣ ወንፊቱ የተደፈነ ቫልቭ በተመደበለት ጊዜ በቂ ውኃ ማስገባት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በሙሊት ጊዜ የተሰማው ማፏጨትና በእጥበት ጊዜ የተሰማው መንቦጫረቅ የአንድ ብልሽት ሁለት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ማሽኑን ከመክፈት በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩን ከብሬከሩ ማጥፋት፣ መጥፋቱን በመለኪያ ማረጋገጥና የውኃውን መዝጊያ መዝጋት ግዴታ ነው። ካፓሲተር፣ ማለትም ለሞተሩ ማስነሻ የሚሆን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅመው ትንሽ ቆርቆሮ፣ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባለሙያ ዘዴ ባዶ ሳይደረግ መነካት የለበትም። ከዚህም በላይ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ከመታገዳቸው በፊት በካፓሲተሮች ውስጥ ፒሲቢ የሚባሉ መርዛማ ዘይቶች ይጨመሩ ስለነበር፣ ያበጠ ወይም የሚያፈስ አሮጌ ካፓሲተር በባዶ እጅ አይያዝም፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም።

መፍጨት የሚመስል ሻካራ ድምፅ በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ባዕድ ነገር ነው። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የአጥንት ቁራጭ ወይም የፍራፍሬ ፍሬ ከወንፊቱ አልፎ ወደ ፓምፑ ሲገባ ከመቅዘፊያው ጋር ይጋጫል፤ የፓምፑን ክዳን ፈትቶ ማጽዳት ደግሞ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ፓምፑ ንጹሕ ሆኖ ድምፁ ከቀጠለ ግን ነገሩ ወደ ሞተሩ ይሻገራል፤ የድሮ ማሽን ዕድሜ የሚወሰነውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የሞተሩ ዘንግ በገንዳው ወለል በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ፓምፑን ስለሚይዝ፣ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውኃ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚከለክል ማሸጊያ አለው። ማሸጊያው በስፕሪንግ ተገፍቶ በሴራሚክ ወለል ላይ የሚያርፍ የካርቦን ቀለበት ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የሚገባው ስስ የውኃ ሽፋን ያለሰልሳቸዋል፤ ያቀዘቅዛቸዋልም። ማሽኑ ለወራት ሳይሠራ ከቆየ ይህ ሽፋን ስለሚደርቅ ሲነሣ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ያሰማል፤ በዚህ ጊዜ ጥቂት ሙቅ ውኃ በገንዳው ውስጥ ጨምሮ ማሳደርና ኤሌክትሪኩ እንደተቋረጠ ዘንጉን በእጅ ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማሸጊያው ከተበላ ግን ውኃ በዘንጉ ላይ ጠብ እያለ ወደ ሞተሩ የላይኛው ኩሽኔታ ይወርዳል፤ ግሪሱን ያጥበዋል፤ ብረቱን ያዝገዋል፤ ኩሽኔታውም ማጓራት ይጀምራል። ኩሽኔታ ዘንጉን ይዞ ያለ ብዙ ሰበቃ እንዲዞር የሚያደርገው፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል የብረት ኳሶች ያሉት ክፍል ነው። ስለዚህ የሚያጓራውን ኩሽኔታ ብቻ ለውጦ ማሸጊያውን መተው ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው፤ አዲሱም በዚያው ውኃ ይበሰብሳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መለወጥ አለባቸው፤ ይህም ጥንቃቄ ለአንድ ተጨማሪ ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ የላቀ ዋጋ አለው።

አሠራሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገመዶቹ ከመነቀላቸው በፊት ፎቶ ይነሣሉ ወይም ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ኩሽኔታው የሚወጣው በመዶሻ ሳይሆን በመንቀያ ነው፤ አዲሱ በዘንጉ ላይ ሲገባ ግፊቱ የሚያርፈው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ነው፤ በውጨኛው ከተገፋ ኳሶቹ ጎድጓዳቸውን ይቀጠቅጡና አዲሱ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል። የማሸጊያው ሁለት ፊቶች በጣት ቅባት እንኳ መበከል የለባቸውም። በአንዳንድ ሞተሮች በኳስ ኩሽኔታ ፈንታ ዘይት የጠጣ የነሐስ ቀለበት ስላለ፣ በዙሪያው ላለው ጨርቅ ጥቂት ጠብታ የኤሌክትሪክ ሞተር ዘይት መስጠት ይበቃል፤ ዝገት ለማላቀቅ የሚረጩ ስስ ፈሳሾች ግን ያለውን ዘይት አጥበው ስለሚያወጡት ለዚህ አይሆኑም።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ቤቱን የሚያናውጥ ማሽንም አለ። ሞተሩ የሚያርፍባቸው የጎማ ትራሶች ከዓመታት ሙቀት ብዛት እንደ እንጨት ይደርቃሉ፤ በዚህ ጊዜ ቀድሞ በጎማው ይዋጥ የነበረው ንዝረት ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው ወደ ቁምሣጥኑና ወደ ወለሉ ያልፋል። ትራሶቹን መለወጥ፣ የማሽኑን እግሮች በውኃ ልክ ማስተካከል፣ ከላይ ያሉትን ብሎኖች ማጥበቅና የመውረጃው ቱቦ ግድግዳ እንዳይነካ ማሰር ቀላል ሥራዎች ሲሆኑ ውጤታቸው ግን ያስደንቃል። በገንዳው ዙሪያ የነበረው የመስታወት ሱፍ ብርድ ልብስ ተቀዳዶ ከሆነም መተካት አለበት፤ ማሞቂያው አጠገብ ግን በቀላሉ የሚነድ ስፖንጅ ማስገባት እሳት መጋበዝ ነው።

ዕቃ አይገኝለትም የሚለው ስጋት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የኳስ ኩሽኔታ መጠን በዓለም ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ በጎኑ ላይ 6203 የሚል ቁጥር የታተመበት ኩሽኔታ የትም አገር ቢገዛ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው፤ የሃምሳ ዓመት ማሽንም ከዛሬ ሱቅ ሊገዛለት ይችላል። ችግሩ ለአንድ ሞዴል ብቻ በተሠሩ የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎች ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት ወር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን አምራቾች የአንድ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላ ሞተርና ፓምፕን ለመሰሉ ክፍሎች 7 ዓመት፣ ለበር ጎማ፣ ለረጪ ክንድና ለቅርጫት ደግሞ 10 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ አስገድዷል፤ ደንቡ ለድሮዎቹ ማሽኖች አይደርስም፤ ለነገዎቹ ግን ተገቢ ጅምር ነው።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ የሚልኩ ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ የሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ፍጥነት ኸርዙን ስለሚከተል በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ የፓምፑ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱም በላይ ስለሚወርድ ቀድሞ ከነበረው 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ይበልጥም ያጉረመርማል። የሚመራው ሰዓትም ስለሚዘገይ የ60 ደቂቃው እጥበት 72 ደቂቃ ይወስዳል። እንዲህ ያለውን ማጉረምረም በኩሽኔታ መለወጥ ማስቀረት አይቻልም።

ጥገናውን የሚደግፍ ሰው የማሽኑን ጉድለት መሸሸግ የለበትም። የአሜሪካ ሕግ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ መደበኛ ማሽን በአንድ ዙር ከ19 ሊትር በላይ ውኃ አይፈቅድም፤ የቀድሞዎቹ ብዙዎቹ የዚህን እጥፍ ይወስዳሉ። በ2010 በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፎስፌት ከሳሙናው እንዲወጣ ከተደረገ ወዲህም ኖራ የበዛበት ውኃ በረጪ ክንዶቹ ቀዳዳዎች ላይ በቀላሉ ይጋገራል፤ ክንዱም በሚገባ አይዞርም፤ በየጊዜው በሎሚ አሲድ ዱቄት ባዶውን ማጠብ ይረዳዋል። ሆኖም ማሽኑን በሙሉ ጭነት ብቻ የሚያስኬድ ቤተሰብ ይህን ጉድለት በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ የሚሠራ ብረት፣ መዳብና ሞተር ጥሎ በምትኩ አዲስ ማምረትም የራሱ ኪሣራ አለው።

የጥገናው ወሰን ያለው በገንዳው ላይ ነው። የድሮዎቹ ገንዳዎች አብዛኛዎቹ በኢናሜል የተለበጡ የብረት ናቸው፤ ኢናሜሉ ተሰንጥቆ ዝገት ብረቱን ከበሳው ልባጩ የተጋገረው በከፍተኛ የፋብሪካ ሙቀት ስለሆነ በቤት ውስጥ መመለስ አይቻልም፤ ትናንሽ ጭረቶችን ለሙቅ ውኃ በተዘጋጀ የኢፖክሲ ቀለም ቀድሞ መሸፈን ግን ይቻላል። ገንዳው የተበሳ ማሽን ሞተሩ፣ ሰዓቱ፣ ቫልቩና ቅርጫቶቹ ተፈትተው ቢቀመጡ ፋብሪካው ማምረት ያቆመውን ዕቃ ለሚፈልግ ለሌላ ባለ ማሽን ይደርሳሉ።