ከጥር 23 በስተጀርባ፦ የአዊ ፈረስና የጌታው ድካም

የጥር ወር በክርስቲያኑ ኅብረተሰብ ዘንድ የበዓላት ወር ነው። በ11 ቀን ጥምቀት፣ በ12 ቀን ቃና ዘገሊላ፣ በ21 ቀን አስተርእዮ ማርያም ተከብረው ብዙም ሳይቆይ፣ በ23 ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ይደርሳል። ሰማዕቱ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር ሲወጋ፣ ብሩታዊትም በአጠገቡ ቆማ የሚያሳየው ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤታችን ግድግዳ የምናውቀው ነው። በአዊ ዞን ግን ፈረስና ፈረሰኛ በዚህ ቀን በሥዕል ብቻ ሳይሆን በአካልም አደባባይ ይወጣሉ።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው እንጅባራ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርባት ከተማ ናት። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ኳኩራ፣ ቻራ፣ ዚገምና መተከል እየተባሉ የሚጠሩት የሰባት ቤት አገው ልጆች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ይሰበሰባሉ። ሽርጡ፣ ጉግሱ፣ ስግሪያውና ግልቢያው ተራ በተራ ይታያል፤ ሜዳው በእልልታና በፉከራ ይሞላል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ ማለት ይገባል። ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን ለቆ ያልወጣበት፣ የጎጃም አርበኞችም በየዱሩ ይዋደቁ የነበረበት ጊዜ ነው። መሥራቾቹ ሊያስቡት የፈለጉት ደግሞ ከዚያ በፊት በ44 ዓመት የተገኘውን የዓድዋ ድል፣ በድሉም ውስጥ ከሰው እኩል የደከመውንና የወደቀውን ፈረስ ነበር። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑና የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ ዘምቶ ስለነበረ፣ ሰማዕቱ፣ ድሉና ፈረሱ በሕዝቡ ልብ ውስጥ በአንድነት ተሣሥረዋል።

የቀድሞ አባቶቻችን ለፈረስ የነበራቸው ክብር ከስማቸውም ይታወቃል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በአዊ ደግሞ ይህ ክብር በመኳንንቱ ደጅ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን በገበሬው ጎጆም የኖረ ነው። ፈረሱ ሙሽራ ያጅባል፤ በለቅሶ ላይ ተሸልሞ የሟቹን ክብር ይናገራል፤ ሸክም ያመላልሳል። በሌላው የአገራችን ክፍል ለበሬ ብቻ የተተወውን ቀንበር እንኳ በአዊ ደጋ ፈረስ ይሸከመዋል። ጥር 23 ቀን በግላስ አሸብርቆ የምናየው ዳማ ወይም ቦራ በክረምቱ ማሳ ሲያርስ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ፈረሱ ለዚያች አንዲት ቀን የሚደርሰው እንዴት ነው? በዓሉን በአደባባይ የሚያይ እንግዳ ከበስተጀርባው ያለውን የዓመት ድካም አያየውም። ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም፤ ስለዚህ ቀኑን በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ መጋጥ ይኖርበታል። በበጋ ሣሩ ሲመናመን ባለቤቱ ድርቆሽ ማከማቸት፣ ከቤተሰቡ ጎተራም ገብስ ቀንሶ ማብላት ግድ ይሆንበታል። ሕፃናቱ ይጠብቁታል፤ እናቶች ውኃውንና መኖውን ያቀርባሉ፤ አባት ጀርባው እንዳይገጠብ ኮርቻውን ይፈትሻል፣ ኮቴውን ያያል። ልጓሙንና እርካቡን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ኮርቻውን የሚያዘጋጀው ቆዳ ሠሪ፣ ግላሱን የሚሰፋው ባለሙያ ሁሉ የበዓሉ ባለድርሻ ናቸው። የአንዳቸው እጅ ሲጎድል ፈረሱ ከሜዳው ይቀራል።

ዛሬ አሳሳቢ የሆነው ይህ የቤት ውስጥ ሥርዓት መላላቱ ነው። የመጀመሪያው ችግር የግጦሽ መሬት ነው። የሕዝቡ ቁጥር በጨመረ መጠን የጋራ መስኩ ወደ እርሻ ተለውጧል። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአካባቢው ደግሞ ገበሬው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በብዛት ተክሏል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ይሸጣል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ገቢ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል፤ ስለዚህ ገበሬውን የሚወቅስ ሰው አይገባውም። ነገር ግን ዛፍ በሸፈነው መስክ ላይ ፈረስ አይግጥም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን ዋግ መትቶት ገቢውም እንደ ቀድሞው የማያስተማምን ሆኗል።

ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ጎዳናዎች ቀድሞ ጋሪ ይጎትት የነበረውን ፈረስ ባጃጅ እየተካው ነው። ሦስተኛው በሽታ ነው። ከክረምቱ ማብቂያ አንሥቶ በጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ጤነኛ የነበረውን ፈረስ በጥቂት ቀናት ይገድላል። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ችግሩ በወቅቱ ገበሬው ደጅ መድረሱ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ፈረስ ያላትና በዚህም ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም የሆነች አገር ናት። ሆኖም የአገር ቁጥር የአንድን ቤት ጋጣ አይሞላም። ፈረስ ማርባት የሚችለው ገንዘብ የተረፈው ብቻ ከሆነ፣ በዓሉ ጥቂት ባለጸጎች የሚያሳዩት፣ ሌላው ቆሞ የሚመለከተው ትርኢት ይሆናል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ትርኢቱ ብቻ አይደለም። የማኅበሩ አባላት በኀዘንና በደስታ የሚረዳዱ፣ የተጣላን የሚያስታርቁ ናቸውና፣ ፈረሱ ከደጅ ሲጠፋ ሰዎቹን የሚያገናኘውም ገመድ አብሮ ይላላል።

በዓሉን በዓለም ቅርስነት ለማስመዝገብ ሲደረግ የቆየው ጥረት የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ለፈረስ ሣር አይሆነውም። በእኛ አመለካከት ከዚያ የሚቀድሙ ሦስት ተግባራት አሉ። እነዚህም የየቀበሌው ሽማግሌዎችና አስተዳደሩ ተመካክረው የቀረውን የጋራ ግጦሽ በድንበር ማስከበር፣ ክትባቱን ከወቅቱ በፊት ማድረስ፣ የኮርቻና የልጓም ሙያ ለወጣቶች መተዳደሪያ እንዲሆን ማገዝ ናቸው። በዓሉን ለማየት ወደ እንጅባራ የምትጓዙ አንባቢያንም ብትሆኑ ከባለሙያዎቹ እጅ አንድ ግላስ ወይም አንድ ልጓም ገዝታችሁ ብትመለሱ ለፈረሱ ባለውለታ ትሆናላችሁ።

ለሰማዕቱ መታሰቢያ በዓል በሰላም ያድርሰን፤ ለከርሞውም ፈረሱንና ፈረሰኛውን በጤና ያቆይልን።