ዕቅበተ እምነትና የላሊበላ ፍልፍሎች
ዕቅበተ እምነት፣ ማለትም እምነትን በምክንያትና በማስረጃ ከጥርጣሬ መጠበቅ፣ በላስታ በሚገኙት 11ዱ የላሊበላ የዓለት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የራሱ ፈተና አለው። ገድለ ላሊበላ መላእክት በሥራው እንደ ተራዱ ሲተርክ፣ እንደ ዴቪድ ፊሊፕሰን ያሉ የሥነ ቁፋሮ ምሁራን ግን ሥራው በየደረጃው እንደ ተከናወነና ከፍልፍሎቹ አንዳንዶቹ ንጉሥ ላሊበላን በዘመን እንደሚቀድሙ ይሟገታሉ። ገድል የቅዱስን ሕይወት በምስጋና የሚጽፍ ድርሰት በመሆኑ፣ እንደ ግንባታ መዝገብ አድርጎ የሚከራከርለት ጠበቃ እምነቱን ሳያስፈልግ ያጋልጣል፤ በዓለቱ ላይ የቀረው የመሣሪያ አሻራም የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳይ እንጂ የእግዚአብሔር ረድኤት መኖር አለመኖሩን አይወስንም። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፍራውን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ፣ በዓይኑ ያየውን ሲጽፍ አንባቢ እንዳይጠራጠረው ሰግቶ በእግዚአብሔር ስም ምሏል።