ከሪያድ የመጣው የኢንሱሊን ፔን

እናቴ ፔን መጠቀም መጀመሯን ከጻፍኩ ወዲህ «ለእኛም ተልኮልናል፣ እንዴት ነው?» የምትሉኝ በዝታችኋል። አይገርምም፤ ከቦረና እስከ ወግዲና ከላላ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ስንት ነው? ሐኪም አይደለሁም። እናቱን መርፌ የሚያግዝ ልጅ የሚያውቀውን ያህል ልንገራችሁ።

እናቴ ለዓመታት የተወጋችው ከብልቃጥ እየተቀዳ ነው፤ ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን፣ ጠዋትና ማታ። ጣጣው ሲሪንጁ ነበር። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ጭረት 2 ዩኒት ናት፤ ባለ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ ግን 1 ዩኒት። ጭረት ቆጥሮ የለመደ ሰው ሲሪንጅ በተቀየረ ቁጥር ሳያውቀው እጥፉን ወይም ግማሹን ሊወጋ ይችላል። ዓይን ሲደክም ደግሞ ጭረቱም አይታይም።

እህቴ ከሪያድ ፔኑን ስትልክ ሁሉም «አዙሮ መጫን ብቻ ነው» አለን። ለእጅ እውነት ነው። ግን ፔን ዕቃው ነው፤ መድኃኒቱ ውስጡ ያለው ነው። የተላከው ግላርጂን፣ ብዙ ሰው ላንተስ የሚለው ነበር፦ እንደ ውኃ የጠራ፣ በቀን አንዴ የሚወጋ፣ ቀስ እያለ አንድ ቀን ያህል የሚሠራ። በድሮው መጠን ዝም ብሎ አይተካም። ካርቶኑን ሳንከፍት ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ስለ ምግቧም ስለ ጾሟም ጠየቃትና መጠኑን ቀነሰላት፤ በቀን ሁለቴ ከሚወጋው ደፍራሽ ወደ ግላርጂን ሲዞር በአብዛኛው የሚጀመረው ከቀኑ ድምር 80 በመቶ ነው። ሚክስታርድ የምትወጉ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ ለምግብ የሚሆነውን ፈጣኑንም አብሮ ይዟል። እንደ እናቴ ላድርግ እንዳትሉ።

አወጋጉ ቀላል ነው። ሁልጊዜ አዲስ መርፌ ይገጠማል፤ 2 ዩኒት ወደ አየር ይለቀቅና ጠብታ መውጣቱ ይታያል፤ መጠኑ ይሞላል፤ ተወግቶ እስከ መጨረሻው ከተጫነ በኋላ እስከ 10 ተቆጥሮ ይነቀላል። እናቴ ሲሞላ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ትወደዋለች፣ በጆሮዋ ትቆጥራለች። እኔ ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳላይ አላስወጋትም።

እኛን ያስቸገረን መርፌው ነው። መንገደኛ ፔኑን ያመጣል፣ የፔን መርፌ ግን ይረሳል፤ ሲሪንጅ ያለው ፋርማሲ ሁሉ ደግሞ እሱ የለውም። መርፌ ሲጠፋ ከፔኑ በሲሪንጅ ልቅዳ የሚል አለ። በፍጹም! ፔን ሁሉ አንድ አይደለም። ቱጄዮ የሚባለው በአንድ ሚሊ ሊትር 300 ዩኒት ይዟል፣ የኛው ሲሪንጅ የተሠራው ለ100 ነው። ሦስት እጥፍ ተወጋችሁ ማለት ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ለላኪያችሁ ከወዲሁ ንገሩ፦ መርፌውንም፤ ፔኑንም በእጅ ሻንጣ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን።

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱን ሳይነካ። የተከፈተው ላንተስ ግን ፍሪጅ አይገባም፤ ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ይቆያል። እኛ የምንኖርባት መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ጥላ ያለበት ግድግዳ ይበቃናል፤ መብራት ቢጠፋም አንጨነቅም። ወደ አባይ ቆላ ያላችሁ ግን ውኃ ያዘለ የሸክላ ማሰሮ አዘጋጁ።

እህቴ ሥራ ብትለቅ ወይም መንገደኛ ቢጠፋስ? ይህን ሐኪሙን ጠይቀነዋል። በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ሁለቱንም ጻፈልን፦ የፔኑን መጠን፣ ከሥሩም ወደ ብልቃጥ ከተመለሰች የምትወጋውን። ብልቃጥና ሲሪንጅ እስካሁን ከቤት አላጣንም።