ከካርቶኑ በፊት ግድግዳው፦ አክሰስ ፖይንት ለአንጋጫ

በከምባታዋ አንጋጫ ከተማ ውስጥ ሆቴል ወይም የግል ኮሌጅ ያለው ሰው ዋይፋይ ሊያስገባ ሲነሣ ለቴክኒሻኑ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ፈጣኑ የቱ ነው?» ቴክኒሻኑ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን መርጦ ይሰቅላል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ቅሬታው ይመጣል። ጥግ ላይ ያለውን ክፍል የያዘ እንግዳ ደቡብ አፍሪካ ካለ ወንድሙ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሄደ በዚህ አካባቢ የቪዲዮ ጥሪ ቅንጦት አይደለም፤ ለቅሶም ሠርግም የሚደረሰው በእሱ ነው።

ጥያቄው ቅደም ተከተሉን ስቷል። አንጋጫን ለመሰለ ከተማ መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው፤ ከዚያ ኬብሉ፣ ከዚያ መብራቱ። የካርቶኑ ቁጥር ከሁሉም ኋላ ይመጣል።

መሣሪያውን እንተዋወቀው። የኢንተርኔት መስመር ሲገባ አብሮ የሚመጣው ሳጥን ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ መስመሩን ተቀብሎ ያከፋፍላል፣ ኬብል የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ዋይፋይም ይለቃል። ለመኖሪያ ቤት ይበቃል። አክሰስ ፖይንት ከሦስቱ የመጨረሻውን ብቻ የሚሠራ ነው። ኮርኒስ ላይ የሚለጠፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ክብ፣ ትንሽ መብራት ያለበት ዕቃ ነው፤ በአንድ በኩል የኔትወርክ ኬብል ይገባበታል፣ በሌላ በኩል ሬዲዮ ነው። ዋና ጥቅሙ መብዛት መቻሉ ነው። አራት አምስት ሆነው አንድ የዋይፋይ ስም ይዘው በአንድ ሶፍትዌር ይታዘዛሉ። በደንብ ከተተከሉ፣ ስልኩን ይዞ ከምግብ አዳራሽ ወደ መኝታ ክፍሉ የሚሄድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ አይታወቀውም።

ያለ ኬብል በሬዲዮ ኔትወርክ የመሥራቱ ሐሳብ ከሃዋይ የመጣ ነው። ደሴቶቹን በኬብል ማገናኘት አስቸጋሪ ስለነበር፣ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። ሁሉም በአንድ ሞገድ ስለሚልክ ሁለት መልእክቶች ሲጋጩ ሁለቱም ይጠፉ ነበር። ስለዚህ ላኪው «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ካጣ፣ በዕጣ ለወጣ ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንዲደግም አደረጉት። ዋይፋይ ይህንኑ ወርሶ አሻሻለው፤ ከመላኩ በፊት አየሩን ያዳምጣል። የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው ዓመት ነበር።

የአየሩ ጠባይ ግን እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። አንድ ቻናል እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ነው፣ ሩቅ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ሲግናል የደከመበት ስልክ አንዲት ፎቶ ለመላክ ከቅርቡ ስልክ ብዙ እጥፍ ጊዜ አየሩን ይይዛል። የጥግ ክፍሉ እንግዳ ችግር ስለዚህ የእሱ ብቻ አይደለም፤ አክሰስ ፖይንቱ ሥር የተቀመጠውንም ያዘገያል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የተስፋፋው ዋይፋይ 6 ቻናሉን ከፋፍሎ ብዙ ስልኮችን አንድ ላይ ማስተናገድ ይችላል፤ ነገር ግን ስልኮቹም ዋይፋይ 6 መሆን አለባቸው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በሁለት ሞገዶች ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ዳሩ ግን እርስ በርስ የማይረባበሹ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። አጠገብ ለአጠገብ ሱቅ፣ ካፌና ፋርማሲ ባሉበት መንገድ ሦስቱም ወዲያው ይያዛሉ። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። አንድ የብሎኬት ግድግዳ ያሳልፈዋል፤ ሁለተኛው ላይ ቪዲዮ መቆራረጥ ይጀምራል። ፌሮ የታሠረበት ሶሌታ ከዚያ የባሰ ነው፣ ስለዚህ ምድር ቤት ያለ አክሰስ ፖይንት ለላይኛው ፎቅ ይደርሳል ብሎ መመካት አይቻልም። ቆርቆሮ ደግሞ ጭራሹን አያሳልፍም፤ ይመልሳል። አክሰስ ፖይንቱን ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር የሚደብቁ ባለሙያዎች አሉ፤ ውበት ይጠበቅ ይሆናል፣ ሲግናሉ ግን እዚያው ሲንገላታ ይውላል። ቦታው ከኮርኒሱ በታች፣ በግልጽ ነው።

ሌላው የአካባቢው ጣጣ እንሰት ነው። ግንዱም ቅጠሉም ውኃ የተሞላ ነው፣ ውኃ ደግሞ እነዚህን ሞገዶች ይመጥጣል። ከፊት ያለው ቢሮና ከጓሮ ያለው መጋዘን በዓይን ሲታዩ ቅርብ ናቸው፤ መሐላቸው ሦስት ረድፍ የደረሰ እንሰት ካለ፣ በተለይ ዝናብ ሲያርፍበት፣ ዋይፋዩ እዚያው ይቀራል። ሰውም ራሱ በአብዛኛው ውኃ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ተሞክሮ «ግሩም ነው» የተባለ ኔትወርክ እሑድ ጉባኤው ሲሞላ የሚወድቀው አንድም በስልኩ ብዛት፣ አንድም በዚህ ነው።

ታዲያ ቴክኒሻኑ «ጋሼ፣ ይሄኛው ኃይለኛ ነው፣ አስፋልት ድረስ ይደርሳል» ቢልዎ አይቸኩሉ። መድረሱስ ይደርስ ይሆናል። የእንግዳው ስልክ ግን ያን ያህል ጉልበት ስለሌለው ይሰማል እንጂ አይሰማለትም፤ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ገጹ አይከፈትም። አንድ ኃይለኛ ከመስቀል ሦስት መካከለኛ ማሰራጨት ይሻላል።

ሦስት ማሰራጨት ማለት ሦስት ኬብል መሳብ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡ ያሳሳዋል፣ «ሜሽ» የሚባለውም መፍትሔ መስሎ ይታየዋል፤ አክሰስ ፖይንቶቹ ያለ ኬብል በአየር እየተቀባበሉ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። መቀባበያውና ማገልገያው አንድ ሬዲዮ ከሆነ ግን በአንድ ቅብብል አቅሙ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድበት ኪራይ ቤት ይሁን፤ ለራስ ሕንፃ አልመክርም።

ኬብል ሲገዛ ምላጭ ይያዝ። ገበያ ላይ «ካት 6» የሚል የታተመበት፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ አለ። አንዷን ቀጭን ሽቦ ፋቅ ሲያደርጉ ከሥሩ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፤ ንጹሕ መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። አሉሚኒየሙ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፤ ከዚያም በላይ መብራት ሲጫንበት ከመዳብ የበለጠ በመንገድ ይበላል። አክሰስ ፖይንት የራሱ ሶኬት አያስፈልገውም፣ መብራቱን የሚያገኘው ፒኦኢ በተባለው ዘዴ በዚያው በኔትወርክ ኬብል ነውና። የመጀመሪያው የፒኦኢ ስታንዳርድ ኬብሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ሳጥን፣ ከስዊቹ፣ እስከ 15.4 ዋት፣ ተከታዩ እስከ 30 ዋት ይለቃል፤ የኬብሉ ርዝመትም ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም። ጫፉን በክሪምፐር የሚያስረው ልጅ ስምንቱን ሽቦዎች ሲደረድር ማየት ደስ ይላል፤ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡና፣ ቡና። ሁለቱም ጫፍ ላይ ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን።

ፒኦኢ ለእኛ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ስዊቹ ያለበት። አራት አክሰስ ፖይንት እያንዳንዳቸው 10 ዋት፣ ስዊቹ 10፣ የኢንተርኔት መስመሩ ሳጥን 10 ቢበሉ ጠቅላላው 60 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምበት 600 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ በኢንቨርተር የሚባክነው ሲቀነስ ስምንት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ከዋይፋይ 5 ወደ ዋይፋይ 7 ለመሸጋገር የታሰበ ገንዘብ ካለ እዚህ ይዋል ባይ ነኝ።

ካርቶኑስ? «ኤኤክስ3000» የሚለው ቁጥር የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው፤ በ2.4 ላይ 574፣ በ5 ላይ 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ነው፣ ቁጥሩም በሬዲዮው ላይ ያለ የወረቀት ፍጥነት ነው። ከውጭ የሚገባው መስመር 50 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ 3000ው ኢንተርኔቱን አንዲት ሜጋቢት አይጨምርም።

በምርት ስም ሲነጻጸሩ ትልቁ ልዩነት ማን ያዛቸዋል፣ ክፍያውስ እንዴት ነው የሚለው ላይ ነው። ሜራኪ ከኤምአይቲ የምርምር ሥራ የወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲስኮ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ድርጅት ነው። መሣሪያው ግሩም ነው፤ ፈቃዱ ግን በየጊዜው የሚታደስ ነው፣ ካልታደሰ ኔትወርኩ ሥራ ያቆማል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚታደስ ግዴታ ውስጥ መግባት ለአንድ የወረዳ ከተማ ሆቴል አይዋጥልኝም። የዩቢኪቲው ዩኒፋይና የቲፒ-ሊንኩ ኦማዳ ማዘዣ ሶፍትዌራቸው ያለ ዓመታዊ ክፍያ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ወይም ትንሽ ሳጥን ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት ቢጠፋም የውስጡ ኔትወርክ አይቆምም። ሩከስ በአንቴናው ብልሃት የታወቀ ነው፤ ሰው ለሚጨናነቅበት አዳራሽ ገንዘቡ ካለ የሚመረጥ ነው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

ማይክሮቲክ ለብቻው ይነሣ። የላትቪያ ምርት ነው፣ ዋጋው ቀላል፣ ራውተሩ ጠንካራ። የዋይፋይ ሬዲዮው ከሌሎቹ ይበልጣል አልልም፤ ነገር ግን በሰዓት ወይም በቀን የሚሸጥ ቫውቸር ራውተሩ ራሱ ላይ መሥራት ይቻላል። በዩኒፋይና በኦማዳ ቫውቸር የሚያረጋግጠው ማዘዣ ሶፍትዌሩ ስለሆነ፣ እሱ የተጫነበት ኮምፒውተር ከተዘጋ አዲስ እንግዳ መግባት አይችልም። ስለዚህ ከፊት ማይክሮቲክ ራውተር አስቀምጦ ከኋላ የኦማዳ ወይም የዩኒፋይ አክሰስ ፖይንት ማሰለፍ ለሆቴል ሸጋ ጥምረት ነው።

ደኅንነቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ የእንግዳው ዋይፋይና የካሸሯ ኮምፒውተር በአንድ ኔትወርክ ላይ አይዋሉ። ፓስወርዱ ሜኑ ላይ ታትሞ የተለጠፈ ከሆነ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሒሳብ ክፍሉ ሌላ ስም፣ ሌላ ፓስወርድ፣ የተለየ ኔትወርክ ይሠራለት። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ ይህን ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይችላሉ።

ከእንሰቱ ማዶ ያለው መጋዘንስ? ኬብል መቅበር ካልተቻለ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የውጭ አንቴናዎች በ5 ጊጋኸርዝ ያገናኙታል። ምሰሶው ከእንሰቱ ቅጠል በላይ በደንብ ከፍ ይበል፤ እንሰት ያድጋልና ለሚመጣው ዓመትም ታስቦ ይተከል። አንጋጫ የሐምበሪቾ ተራራ ጎረቤት ናት፣ ክረምቱ ነጎድጓድ አያጣውም። ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው ኬብል የመብረቅ መከላከያ ይግባለት፣ ምሰሶውም መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር። ቴክኒሻኑ ለዚህ ተጨማሪ ቀን ቢጠይቅ ይሰጠው።